«ይሄ ፖስተር እንጀራ ይሆናል ወይ?»

የዛሬዋ ጠያቂዬ አዲስ አበባ ውስጥ ግራፊክ ዲዛይን የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርበው።

«በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተሠሩትን ሳይኬደሊክ የሚባሉትን፣ ቅዠት የሚመስሉ የሮክ ሙዚቃ ፖስተሮች ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር መሥራት አቃተኝ። ፊደሉ እንደ እሳት ይንቀለቀላል፣ ቀለሙ ዓይን ይወጋል። እኔም ለአንድ የሙዚቃ ዝግጅት ‹የሰላም ምሽት› የሚል ፖስተር በአማርኛ ሠራሁ። መምህሬ ‹አይነበብም› ብሎ መለሰልኝ። አባቴ ‹ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?› ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ እነዚያ ሰዎች የሠሩት በዕፅ ኃይል ነው ይሉኛል። ትምህርቱን አቋርጬ በግሌ ልሥራ? ወይስ ስታይሉን ልተወው?» ፖስተሩንም አያይዛ ልካልኛለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ፖስተርሽን አሳትሜ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ለጠፍኩትና ሁለት ቀን ሳየው ሰነበትኩ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ትምህርትሽን አታቋርጪ። ስታይሉንም አትተዪ። ሁለቱ አብረው የማይሄዱ ይመስልሻል፤ ግን ይሄዳሉ። ለዚህ የማቀርብልሽ ምስክር ከዚያው ከምትወጂው ዘመን የመጣ ሰው ነው። ቪክቶር ሞስኮሶ ይባላል። ስሙን ባታውቂው እንኳ ሥራውን ሳታዪ አልቀረሽም። የሥራ ሕይወቱን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ሞስኮሶ በ1936 ስፔን ውስጥ፣ ጋሊሲያ በሚባለው ክፍል ተወለደ። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ብሩክሊን አደገ። ኒው ዮርክ በሚገኘው ኩፐር ዩኒየን ተማረ። ከዚያ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዬል ላይ ጆሴፍ አልበርስ የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነበር። በናዚዎች ጫና በተዘጋው፣ ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ቀለምን በማጥናት ስሙ የገነነ ሰው ነው።

የአልበርስ የቀለም ትምህርት ብሩሽ አይፈልግም ነበር። ተማሪዎቹ ባለቀለም ወረቀት እየቆረጡ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። አንቺም ዛሬ ማታ ሞክሪው። አንድ ቡናማ ወረቀት ለሁለት ቁረጪ። ግማሹን ቢጫ ላይ፣ ግማሹን ጥቁር ሰማያዊ ላይ አድርጊ። ያው አንድ ወረቀት ሁለት ዓይነት ቡናማ ሆኖ ይታይሻል። ቀለም እንደ ጎረቤቱ ነው ማለት ነው። ሞስኮሶ ይህ ሁሉ ወረቀት መቁረጥ ምን እንደሚረባው ያኔ አልታየውም። የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1959 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። እዚያም ሥነ ጥበብ ተማረ፣ በኋላም ሊቶግራፊ፣ ማለትም ድንጋይ ወይም ብረት ሰሌዳ ላይ ሥሎ ማተምን የሚያስተምር መምህር ሆነ። 1966 ላይ ሰላሳ ዓመት ሞልቶታል፣ ደመወዝ አለው። በዚያ ዓመት ነው አቫሎንና ፊልሞር በሚባሉት የዳንስ አዳራሾች የሚካሄዱት የሮክ ምሽቶች ፖስተሮች መንገድ ላይ መታየት የጀመሩት። ሞስኮሶ አያቸውና እኔም እችላለሁ አለ። የመጀመሪያ ሥራው ግን አላማረም፤ ራሱም ይህን አልደበቀም። ያሰናከለው ደግሞ የተማረው ነገር ነው። ትምህርት ቤት ያስተማረው ሌላ ነበር። ፊደል በግልጽ ይነበብ። መልእክቱ ባንዴ ይግባ። ዓይን የሚያስቸግሩ ቀለሞችን አታጠጋጋ።

ታዲያ ምን አደረገ? እያንዳንዱን ሕግ ወስዶ ገለበጠው። ፖስተር ቶሎ መነበብ አለበት የሚለውን፣ ፖስተር ሰውን በተቻለ መጠን ረጅም ጊዜ አስሮ ማቆየት አለበት ብሎ ለወጠው። ዓይን የሚያስቸግሩትን ቀለሞች ፈልጎ አጠጋጋቸው። ፊደሉን ደግሞ «ፕሌይቢል» ከሚባለው እግረ ወፍራም የድሮ ማስታወቂያ ፊደል አነሣና ቅርጹን አዛባው። እንዲያውም ፊደሉን ትቶ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሥል ነበር። ባዶው ሲሣል ፊደሉ በራሱ ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ሕግ መገልበጥ የሚችለው ሕጉን የሚያውቅ ነው። ከዋነኞቹ የሳን ፍራንሲስኮ ፖስተር ሠሪዎች እንደሱ በትልልቅ ትምህርት ቤቶች ያለፈ አልነበረም። የሞስኮሶ ፖስተር አሁንም ድረስ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታወቀው በቀለሙ ነው። ያ ቀለም የመጣው ደግሞ ከአልበርስ ክፍል ነው።

በ1967 ቼምበርስ ብራዘርስ ለሚባለው ባንድ የሠራውን ፖስተር ፈልጊና እዪ። መነጽር ያደረገች ሴት ፊት ብቻ ነው። ጽሑፉ መነጽሯ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ስታዪው የሚሽከረከር ጌጥ ይመስላል። ትንሽ ስትቆዪ የባንዱ ስም ይወጣል። የሴትዮዋን ዓይን ለማየት ብለሽ ነው ማስታወቂያውን ያነበብሽው! ይህን ፖስተር ዛሬ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አስቀምጦታል።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ወሬ ልመለስ። በዚያ ዘመን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤልኤስዲ የሚባለው የሚያቃዥ ዕፅ በየቦታው ነበር፤ ከሠዓሊዎቹም የወሰዱ አሉ። አልክድሽም። ቀለሙን የሚያርገበግበው ግን ሌላ ነው። ሁለት ተቃራኒ ቀለሞች፣ ለምሳሌ ቀይና አረንጓዴ፣ እኩል ደማቅ ሆነው የብርሃን መጠናቸውም እኩል ሲሆን ዓይን ድንበራቸውን መያዝ ያቅተዋል። ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። ከሁለቱ አንዱ ትንሽ ከጠቆረ ነገሩ ይበርዳል። ይህ በሙከራ የሚገኝ የእጅ ሥራ ነው። ደጋግሞ መቁረጥ፣ ደጋግሞ ማስጠጋት ነው። ዕፅ ጤናሽን ከመጉዳት በቀር አንዲት መስመር አያሠምርልሽም። ዕፅ ያሠራል የሚልሽን ሰው ምክር አትስሚ።

አንድ መፈተሻ ልስጥሽ። ፖስተርሽን በስልክሽ አንሺና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጪው። የፊደሉና የመደቡ ድንበር ከጠፋ፣ የብርሃናቸው መጠን እኩል ነው ማለት ነው። ደማቅ ተቃራኒ ከሆኑ በቀለም ሲታዩ ይርገበገባሉ። ያንቺን ሞከርኩት። ሮዙና አረንጓዴው ደህና ተገናኝተዋል። ብርቱካኑ ግን ከሰማያዊው እጅግ ይበራል፤ ለዚህ ነው ታችኛው ክፍል የሞተው። ሰማያዊውን ፈካ አድርጊው፣ ወይም ብርቱካኑን ትንሽ ዝቅ አድርጊው።

ደግሞም ስክሪን ላይ የሚያቃጥለው ቀለም ማተሚያ ቤት ሲገባ እንደሚደበዝዝ እወቂ። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። በዚህ ምክንያት ያለቀሰ ዲዛይነር አይቻለሁ። በአራቱ መደበኛ ቀለሞች ሲታተም ያ የሚያበራ ሮዝ ይጠፋል። እነሞስኮሶ ግን ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) እያዘጋጁ፣ ቀለሙን ለብቻው አስቀይጠው ነው ያሳተሙት። አዲስ አበባ ላይ ለዚህ የሚቀርብሽ ሲልክ ስክሪን፣ ማለትም ቀለሙን በስስ ጨርቅ ወንፊት እያሳለፉ ማተም ነው። ቲሸርት የሚያትሙት ልጆች ጋ ሂጂ፤ ሦስት ቀለም አስቀይጪና ሃምሳ ወረቀት አሳትሚ። ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓመት ተቀምጠሽ የማታገኚውን በአንድ ከሰዓት ትማሪያለሽ።

ሞስኮሶ ማተሚያን ከማወቁ የተነሣ የሚንቀሳቀስ ፖስተር እስከመሥራት ደርሷል። ሁለት ሥዕል በሁለት ቀለም ደራርቦ ያትማል። ቀይ አምፖል ሲበራ በቀይ የተሣለው ወረቀቱ ውስጥ ይጠፋና በሰማያዊ የተሣለው ጠቁሮ ይወጣል። ሰማያዊ ሲበራ ይገለበጣል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም!

ወደ ፊደሉ እንሂድ። መምህርሽ «አይነበብም» ያለው እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ግን ምክንያቱን የነገረሽ አይመስለኝም።

ያ የሚንቀለቀል ፊደል የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዌስ ዊልሰን የሚባለው የፊልሞር ፖስተር ሠሪ ነው ዝነኛ ያደረገው። እሱ ደግሞ መነሻውን ያገኘው አልፍሬድ ሮለር የተባለ ሠዓሊ በ1903 ቪየና ላይ ለአንድ ኤግዚቢሽን ከሠራው ፖስተር ነው። የሮለር ፊደሎች እያንዳንዳቸው የተሰጣቸውን ሳጥን እስኪሞሉ ያብጣሉ። ዊልሰን እነሱን አጥንቶ እንዲፈሱ፣ እንዲጠማዘዙ አደረጋቸው። ዊልሰን ብዙም የሥዕል ትምህርት አልነበረውም። እጁን ያፍታታው አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሲሠራ ነው። የስልሳ ዓመት ዕድሜ ያለውን ነገር አጥንቶ አዲስ ማድረግ ግን ያው ትምህርት ነው።

የላቲን ፊደል ሲያብጥ ብዙ አይጎዳም። የኛ ግን ይጎዳል። ፖስተርሽ ላይ «ሰላም» የሚለውን ቃል ጠጋ ብለሽ እዪው። ከሥር ያለውን ክፍተት ለመሙላት የ«ሰ»ን ቀኝ እግር ወደ ታች ስበሽዋል። የ«ሰ» ሁለት እግር እኩል ካልሆነና ቀኙ ከረዘመ «ሳ» ነው። ስለዚህ ያየው ሁሉ «ሳላም» ብሎ ነው የሚያነበው። በእኛ ፊደል አናባቢው ያለው በእግር ርዝመት፣ በጎን በምትወጣ ትንሽ ቅጥያና በቀለበት ላይ ነው። ያንን ከነካሽ ቃሉ ይለወጣል። ገላውን ግን እንደፈለግሽ አሳብጪው፣ ጠምዝዢው፣ አቅልጪው። ምልክቱን ተዪለት።

ለዚህ ልምምድ አለኝ። ከሰ እስከ ሶ ያሉትን ሰባቱን በራስሽ ስታይል ሣያቸው። አዘበራርቂና ስለ ዲዛይን ምንም ለማያውቅ ሰው፣ ለአባትሽ ቢሆን ጥሩ ነው፣ አሳዪው። ሰባቱን ከለየ ፊደልሽ ቆሟል። ከዚያ ወደ በ፣ ወደ ለ፣ ወደ መ እያልሽ ሂጂ። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት 231 ፊደል ነው። አትደንግጪ። አንድ ሰው በዚህ ስታይል ሙሉ የአማርኛ ፊደል ሠርቶ ከጨረሰ፣ ለአልበም ሽፋን፣ ለፊልም ርዕስ፣ ለካፌ ታፔላ የሚቀርብ ራሱን የቻለ ሥራ በእጁ ይዟል ማለት ነው። የመመረቂያ ሥራሽ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ፊደልን መሰባበር ይቻላል ወይ ካልሽኝ፣ በሥዕል ይቻላል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሎ፣ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ዕድሜውን ሁሉ የአማርኛ ፊደልን ሲሰባብርና ሲያስጨፍር የኖረ ሠዓሊ ነው። ሥራዎቹን እያቸው። የሱ ሸራ ግን ሰውን ለቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት አይቀጥርም። ያንቺ ፖስተር ይቀጥራል። ሰውየው አምስት ደቂቃ ይፈጅበት ግድ የለም፤ መጨረሻ ላይ ግን ቦታውንና ሰዓቱን ይዞ መሄድ አለበት።

አሁን ወደ አባትሽ ጥያቄ። እንጀራው።

አባትሽ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አትቀየሚያቸው። መልሱ የሞስኮሶና የዊልሰን ታሪክ ውስጥ አለ። ዊልሰን ፊልሞርን ለሚያስተዳድረው ለቢል ግራሃም ፖስተር በፖስተር ሠራ። ሥራው ታዋቂ ሆነ። ሰው ፖስተሩን ከግድግዳ እየላጠ ወደ ቤቱ ይወስድ ጀመር። ፖስተሩ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ገቢው እንዴት ይከፈል በሚለው ላይ ሁለቱ ተጣሉና ዊልሰን በ1967 ለቀቀ።

ሞስኮሶ ሌላ መንገድ ያዘ። «ኒዮን ሮዝ» ብሎ የራሱን ማተሚያ ድርጅት አቋቋመ። ማትሪክስ የሚባለውን የሙዚቃ ክለብ ሄዶ አነጋገረ። ክለቡ ለማስታወቂያ የሚለጥፈውን ያህል ፖስተር በነጻ ይወስዳል፤ ሞስኮሶ ደግሞ የቀረውን ራሱ ያሳትማል፣ ራሱ ይሸጣል፣ መብቱም የሱ ይሆናል። ሥዕሉን ማንም አያዝዘውም ነበር። እነዚያን ምርጥ ሥራዎቹን ያገኘነው በዚህ ስምምነት ነው። ከቼምበርስ ብራዘርሱ ፖስተር ጀርባ ያለው ይኸው ነው። መምህርነቱም የሚበላውን አስችሎታል። የሚወደውን ሥራ የጀመረው ደመወዝ ይዞ ነው፤ ይህንን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። በወጣትነቴ ለአንድ ድርጅት ሎጎ ሠራሁ። በቃል ተስማማን፤ አንድ ጊዜ ተከፈለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሎጎው በመኪናው፣ በካርቶኑ፣ በቲሸርቱ ላይ ሞልቶ አየሁት። ሄጄ ስጠይቅ «ውል አለህ?» አሉኝ። አልነበረኝም። እየተንገበገብኩ ተመለስኩ።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ይህ ቁጥር በኛ አቆጣጠር ነው። በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በስምምነት ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። «ሌላ ካልተባለ» የሚለውን አስምሪበት። ሌላ የሚባለው በወረቀት ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ፖስተሩ ለየትኛው ዝግጅት እንደሆነ፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ሥዕሉን ማን መሸጥ እንደሚችል፣ ስምሽ የት ጥግ ላይ እንደሚጻፍ። ደንበኛው ገንዘብ አነሰኝ ሲልሽ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ መብቱን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ይሰጡሻል፣ ምክንያቱም ለነሱ ያ ፖስተር ቅዳሜ ያልቃል።

ሴት ስለሆንሽ ደግሞ አንድ ስም ልጨምርልሽ። ቦኒ ማክሊን። የቢል ግራሃም ሚስት ነበረች። ፊልሞር አዳራሽ ውስጥ የሚመጡትን ባንዶች ስም ሰሌዳ ላይ እያሳመረች ትጽፍ ነበር። ዊልሰን ሲለቅ ፖስተሩን ተረከበችና 30 ገደማ ሠራች። ያ የሰሌዳ ጽሕፈት ማንም እንደ ሥራ የማይቆጥረው ነገር ነበር። እጇን ያዘጋጀላት ግን እሱ ነው። አንቺም የተማሪዎች ማስታወቂያ፣ የቤተሰብ ሠርግ ካርድ፣ የሰፈር ሱቅ ታፔላ ሲመጣልሽ አትናቂው።

ስታይሉ ለዘላለም እንጀራ እንዲሆንሽ ግን አትጠብቂ። የሳይኬደሊክ ፖስተር ትኩሳት ጥቂት ዓመት ነው የቆየው። 1971 ላይ ግራሃም አዳራሹን ዘጋ። ሞስኮሶ ያኔ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ከ1968 ጀምሮ «ዛፕ» የሚባለው የኮሚክስ መጽሔት ውስጥ ይሥል ነበር። ቀጥሎ የአልበም ሽፋን ሠራ። የኸርቢ ሃንኮክን የ1973 አልበም ሽፋን እዪው። ፒያኖ የሚጫወተው ሰው ፊቱ ላይ ያለው ክብ ጭምብል ከአይቮሪ ኮስት የባውሌ ሕዝብ ጭምብል የተወሰደ ነው። በኋላ ለሬዲዮ ጣቢያዎች የአኒሜሽን ማስታወቂያ ሠራ። በ2018 የአሜሪካ ግራፊክ ዲዛይነሮች ማኅበር ሜዳሊያውን ሰጠው። በ2021 ደግሞ የትውልድ ክፍሉ ጋሊሲያ፣ ላ ኮሩኛ ከተማ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀለት። በ1966 ያ ፖስተር አላምር ያለው መምህር ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ።

በየአሥር ዓመቱ የሚሠራው ነገር ተለዋውጧል። ቀለም አያያዙ፣ ፊደል አሣሣሉና የማተሚያ ዕውቀቱ ግን ከእጁ አልወጡም። አንቺም ትምህርት ቤት የምትቆዪው እነዚህን ሦስቱን ለመያዝ ነው። ቀሪው አንድ ዓመት ይሁን ሁለት፣ መምህሮችሽን ጨምቂያቸው። ፊደል አሣሣል የሚችለውን መምህር ቢሮው ድረስ ሂጂ። በክረምቱ ማተሚያ ቤት ልምምድ ጠይቂ፤ ክፍያ ባይኖረው እንኳ ትራንስፖርት ከሸፈኑልሽ ግቢ። ፖርትፎሊዮሽ ላይ ይህን ስታይል አምስት ሥራ አድርጊና፣ ጎኑ ላይ ንጹሕ፣ በአንድ እይታ የሚነበቡ አምስት ሥራዎች ጨምሪ። ቀጣሪ ሁለቱን ሲያይ የምታዛቢው ሆን ብለሽ መሆኑን ይረዳል።

መምህርሽንም እንደገና አነጋግሪው። «አይነበብም» ሲልሽ የትኛው ፊደል ብለሽ ጠይቂው፤ ጣቱን አስቀምጦ ያሳይሽ። የ«ሰ» ቀኝ እግር ላይ እንደሚያስቀምጥ እርግጠኛ ነኝ። እሱን አስተካክይና፣ ሰማያዊውን ፈካ አድርጊና፣ በሲልክ ስክሪን አሳትመሽ አንዱን ቅጂ ለኔ ላኪልኝ። የድሮውን አንሥቼ በቦታው እለጥፈዋለሁ።